«ተመስገን» እያልኩ ለምን ከልቤ አይወጣም?

ጥያቄ፦

በጅማ ከተማ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ አራት ዓመት ተኩል፣ ተከታይዋ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር፣ ትንሹ ደግሞ ሰባት ወሩ ነው። የማስተምረው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ባለቤቴ በቡና ንግድ ላይ ስለሆነ የለቀማው ወቅት ከገባ ወዲህ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነው ቤት የሚያድረው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አረፍ የምልበት ጊዜ የለም። ባለፈው ማክሰኞ ምሽት ሕፃኑን ሳጠባ ሁለቱ ተጋግዘው የጤፍ ዱቄቱን ወለሉ ላይ ገለበጡት፤ እስኪንቀጠቀጡ ድረስ ጮህኩባቸው፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አማቴ «ተመስገን በይ፤ ስንቱ ልጅ አጥቶ ይንከራተታል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔም ተመስገን እላለሁ፤ ነገር ግን ከአፌ እንጂ ከልቤ አይወጣም። ምስጋና ቢስ ሆኜ ነው? በዚህ ሁሉ ትርምስ ውስጥስ ማመስገንን እንዴት ልማር?

የባለሙያ ምላሽ፦

ውድ እህቴ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ አጭር መልስ አለኝ፤ ምስጋና ቢስ አይደሉም። የቀረው ጽሑፌ ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመለከት ነው።

ጥያቄዎን ደጋግሜ ሳነበው ከዱቄቱም ከለቅሶውም ይልቅ ትኩረቴን የሳበው በውስጡ የሌለው ነገር ነው። እርስዎ የሚሠሩት ተጽፏል፣ ልጆችዎ ያጠፉት ተጽፏል፣ አማትዎ የሚሉት ተጽፏል፤ አንድ ሰው ለእርስዎ ያደረገልዎት ነገር ግን የትም ቦታ አልተጻፈም። ይህ የሆነው የተደረገልዎት ነገር በድካም ብዛት ከዓይንዎ ስለተሰወረ ይሁን ወይም ከነጭራሹ ስላልተደረገልዎት እኔ ከሩቅ ሆኜ ልለየው አልችልም። መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ ግን ለሁለቱም ለየብቻ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በእኛ አነጋገር «ተመስገን» ሁለት ሥራ ደርቦ የሚሠራ ቃል ነው። አንደኛው እውነተኛው ምስጋና ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ወሬን በጨዋነት መዝጊያ ነው። ሒርማታ ገበያ ውስጥ ያገኘችዎት ጎረቤት «እንዴት ነሽ? ልጆችስ?» ብትልዎት፣ ሌሊቱን ሙሉ ያተኮሰው ልጅ ታቅፈው ያደሩ ቢሆንም «ተመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ያልፋሉ፤ እርሷም መልሱን ተቀብላ ወደ ሽንኩርቷ ትመለሳለች። በዚህ ላይ ምንም ተቃውሞ የለኝም፤ የቤት ጉዳይ ሁሉ መንገድ ላይ የሚዘረገፍ አይደለም። ነገሩ የሚበላሸው ይህ የወሬ መዝጊያ ከመንገድ ተነስቶ ወደ ቤት ሲገባ ነው። «ደክሞኛል» ለማለት አፍዎን ሲከፍቱ «ተመስገን በይ» ከተባሉ ቃሉ ከድካምዎ የሚቀንሰው ነገር የለም፤ የሚነፍግዎት ድካሙን የመናገር ፈቃድዎን ነው። ከልብዎ አልወጣ ያለዎትም ምናልባት ምስጋናው ሳይሆን ይህ መዝጊያ ይሆናል።

«ስንቱ ልጅ አጥቶ» የሚለውን ንጽጽር አማትዎ የሚናገሩት በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ በሌላው ሰው እጦት ላይ የቆመ ምስጋና ብዙውን ጊዜ ከደስታ ይልቅ ፍርሃትንና ጸጸትን እንደሚወልድ በሥራዬ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ልጅ ለማግኘት ዓመታት የጠበቁ፣ ካገኙ በኋላም እንደ እርስዎ በር ዘግተው የሚያለቅሱ እናቶች አሉ፤ እነርሱ ደግሞ «ለምኜ ባገኘሁት እንዴት እማረራለሁ?» የሚል ተጨማሪ ቀንበር ስለሚሸከሙ ለመናገር እንኳ ከሌሎቹ ይዘገያሉ።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚረዳን አንድ የታወቀ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የሚኖሩ 909 ሠራተኛ ሴቶች ያሳለፉትን አንድ ቀን በየክፍለ ጊዜው ከፋፍለው፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ምን ይሠሩ እንደነበርና ምን እንደተሰማቸው እንዲመዘግቡ አደረጉ። ልጅ መንከባከብ በደስታ መጠኑ ከመብላት፣ ከመጸለይ፣ ቴሌቪዥን ከማየት፣ ምግብ ከማብሰልም ጭምር ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ከቤት ውስጥ ሥራ የበለጠውም በጥቂቱ ነበር። ወላጆች በጥቅሉ ሲጠየቁ ግን ልጆቻቸውን ከደስታቸው ምንጮች መጀመሪያ ላይ ሲያስቀምጡ እንሰማለን። ሁለቱ መልሶች አይጋጩም፤ የተመዘኑት በተለያየ ሚዛን ነው። አማትዎ የሚናገሩት ስለ ዕድሜ ልክ ነው፤ እርስዎ የጻፉልኝ ስለ ማክሰኞ ምሽት ነው። የዕድሜ ልክን ምስጋና በማክሰኞ ምሽት፣ ዱቄት በተደፋበት ወለል ላይ ቆሞ፣ ከሰው ልብ ለማውጣት መሞከር የማይሆን ነገር ነው።

ባለቤትዎ ነጋዴ ስለሆኑ ሐሳቤን በእርሳቸው ቋንቋ ላስቀምጠው፤ ምስጋና በጅምላ አይወጣም፣ የሚወጣው በችርቻሮ ነው። «ስለ ልጆቼ ተመስገን» ጅምላ ነው፤ እውነት ቢሆንም ሰፊ ስለሆነ ምንም አያሳይም። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጄ የወንድሟን የወደቀች ካልሲ አንስታ እግሩ ላይ ልታጠልቅለት ስትታገል አየሁ» የሚለው ግን ችርቻሮ ነው፤ ሰዓት አለው፣ አድራጊ አለው፣ ተደራጊ አለው፣ የታየ ነገር አለው። ምስጋናን ያጠኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የደረሱበትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማከላ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ለአሥር ሳምንታት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚያመሰግኑባቸውን እስከ አምስት የሚደርሱ ነገሮች የጻፉ ተማሪዎች ምሬታቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት እንደነበራቸው አሳይተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቹ ለአንድ ሳምንት በየምሽቱ በቀኑ መልካም የሆኑ ሦስት ነገሮችን ከነምክንያታቸው ማስጻፍ የሚያሳድረውን ውጤት ተከታትለዋል፤ ለውጡ በአንዳንዶች ላይ እስከ ስድስት ወር ታይቷል። በእኔ አስተያየት ቁልፉ ያለው «ከነምክንያታቸው» በሚለው ላይ ነው፤ ምክንያቱን የሚፈልግ ሰው ከነገሩ በስተጀርባ ያለውን አድራጊ ማየቱ አይቀርምና።

ሙያዬ ስለሆነ የነገሩን ልክም መናገር ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ግምገማ እነዚህ ልምምዶች በድብርትና በጭንቀት ላይ ያላቸው ውጤት አነስተኛ መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ ምስጋና እንቅልፍን አይተካም፣ ሞግዚትን አይተካም፣ ከቤት የራቀን ባል አይተካም። የጻፉልኝን ሰዓት ስቆጥረው ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 10 ያለው ስድስት ሰዓት ነው፤ ሕፃኑ የሚነሳበት ሲቀነስ የሚተርፈውን እርስዎ ያውቁታል። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ለሚያስቆጣ ነገር ይፈጥናል፣ ራሱን ለመግታት ደግሞ ይዘገያል፤ ይህ የባሕርይ ጉድለት ሳይሆን የአካል ሥራ ነው።

የልጆቹንም ጎን ማየት ያስፈልጋል። ስሜትን የሚገታውና መዘዝን አስቀድሞ የሚያሰላው፣ ከግንባር በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚበስለው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። የሁለት ዓመት ከአምስት ወር ልጅ ዱቄት ስትደፋ የምታየው ሲንዠቀዠቅና ሲቦን ነው፤ ዋጋው አይታያትም፣ ነገ የሚጋገረው እንጀራም አይታያትም። ይህን የምለው ዱቄቱ አያሳዝንም ለማለት አይደለም፤ የጤፍን ዋጋ እኔም አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። እኔ አባት ነኝ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሳሁባቸው ቀናት ከባለቤቴ ጋር ሲነጻጸሩ በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ የምናገረውን በዚያው ልክ ይመዝኑልኝ። ሁለተኛው ልጃችን በሦስት ዓመቱ፣ ዝናብ ውጭ አላስወጣ ባለበት የክረምት ሰሞን፣ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማችንን ገልብጦ ሊሾው ላይ እየገፋ «መንቲና! መንቲና! አንድ ሰው!» እያለ ቀኑን ሙሉ ይዞር ነበር። እኔ ያየሁት የተቧጨረውን ሊሾ ነው፤ ተቆጥቼ በርጩማውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። የበርጩማው እግር ሦስት፣ ወደ መንቲና ሰፈር ተሳፋሪ የሚጠራው ባጃጅም ጎማው ሦስት መሆኑን ልጁ ከእኔ ቀድሞ እንዳስተዋለ የገባኝ ከቀናት በኋላ ባለቤቴ እየሳቀች ስትነግረኝ ነው። በርጩማውን አወረድኩት፤ ሊሾው ዛሬም እንደተቧጨረ ነው። ለችርቻሮ ምስጋና የምሰጠው ምሳሌ ይህ ነው፤ ጭረቱን አላጠፋውም፣ ከጭረቱ አጠገብ ሌላ ነገር እንዳይ አደረገኝ እንጂ።

ታዲያ በእርስዎ ቀን ውስጥ ይህ መቼ ይሆናል? ዱቄቱ በተደፋበት ደቂቃ አይደለም። በዚያ ደቂቃ የሚፈለግብዎት ሕፃኑን ደህና ቦታ አስቀምጦ፣ ካስፈለገም በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ትንፋሽ እስኪመለስ ድረስ ዞር ማለት ብቻ ነው። ለምስጋናው የምመክረው ባለቤትዎ ከሊሙም ሆነ ከጎማ ወረዳ ሲደውሉ ያለውን ጊዜ ነው። «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ሲሉ «ደህና ናቸው፣ ተመስገን» በሚለው መዝጊያ ፋንታ ሁለት ነገር ይንገሯቸው፤ አንድ የከበደዎትን፣ አንድ ያዩትን። «ዛሬ ዱቄቱን ደፉት፣ በጣም ጮህኩባቸው፤ ትልቁ ግን ከቆይታ በኋላ መጥረጊያውን ራሱ አምጥቶ ሰጠኝ።» ከዚያም እርሳቸው በዕለቱ ያዩትን አንድ ነገር ይጠይቋቸው። ምሬቱ ከምስጋናው ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዲቀመጥ የምፈልገው ሆን ብዬ ነው፤ አንዱ ሌላውን እንዲያባርር አልፈልግም። ምንም ያላዩበት ቀን ሲሆንም «ዛሬ ምንም አላገኘሁም» ይበሉ። ይህን በየቀኑ ለማድረግ መገደድም የለብዎትም፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሶንያ ሊዩቦሚርስኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረቡት ጥናት የሚያመሰግኑበትን በሳምንት አንድ ጊዜ የቆጠሩት ሲጠቀሙ ሦስት ጊዜ የቆጠሩት እምብዛም አልተጠቀሙም። ምስጋናም እንደ ሌላው ነገር የቤት ሥራ ከሆነ ይሰለቻል።

ለልጆቹ ራሳቸው ደግሞ በቋንቋችን ውስጥ የተዘጋጀ ነገር አለ፤ እያነሰ መምጣቱም ያሳስበኛል። በእኛ ዘንድ ለቅርብ ሰው፣ ያውም ለልጅ፣ «አመሰግናለሁ» ማለት ነገሩን የእንግዳ ያስመስለዋል፤ እናቶቻችንም ልጅ ውሃ ሲያቀርብላቸው እንዲህ አይሉም ነበር። የሚሉት «እደግ! ተመንደግ!» ነበር። ይህ ምርቃት ብቻ ተደርጎ ይታሰባል፤ እኔ ግን ከማውቃቸው የምስጋና ዓይነቶች ሁሉ የረቀቀው እርሱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የተደረገውን ትንሽ ነገር አይቶ፣ አድራጊውን ለይቶ፣ ብድሩን ከማደጉ ጋር ያያይዘዋል። የሁለት ዓመት ልጅ «አመሰግናለሁ» የሚለውን ቃል በቅጡ ላትረዳው ትችላለች፤ «እደጊ!» ተብላ እጇ ሲሳም ግን የሆነ ነገር በደንብ እንዳደረገች ይገባታል። በጅማ ብዙ ቤቶች ምርቃቱ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ቋንቋው የትኛውም ይሁን፣ ጫማዎትን ላመጣ፣ ሕፃኑን ላሳቀ፣ አንድ ጉርሻ ሳያንጠባጥብ ለበላ ልጅ በዚያው ቅጽበት ይባል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚያስተውሉት ምናልባት ይህ ነው፤ ለመመረቅ ሲሉ የሚመረቅ ነገር መፈለግ ይጀምራሉ። ትርምሱ ባይቀንስም ዓይንዎ በቀን ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ ይበዛል።

ስለ ጩኸቱ ጸጸት ተሰምቶዎታል፤ ጸጸቱን አላቃልልም፤ ልጅ እስኪንቀጠቀጥ መጮህ ሊደጋገም የሚገባው ነገር አይደለም። ነገር ግን የሕፃናትንና የእናቶችን ግንኙነት ለዓመታት ያጠናው ኤድዋርድ ትሮኒክ በደህናዎቹ እናትና ልጅ መካከል እንኳ መናበቡ ከጊዜው ሲሶ ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል፤ የተቀረው መሳትና መልሶ መጠገን ነው። ልጁ የሚማረውም ከጥገናው ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከመታጠቢያ ቤቱ ሲወጡ ቁጭ ብለው ዓይናቸውን እያዩ «ጮህኩባችሁ፤ ደንግጣችኋል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዱቄት ግን አይደፋም» ይበሏቸው፤ ከዚያም ሦስታችሁ አብራችሁ ጥረጉት። የአራት ዓመት ተኩል ልጅ መጥረጊያ መያዝ ይችላል፤ በደንብ ባይጠርግም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር፣ በጥያቄዎ ውስጥ ወደሌለው ሰው ልመለስ። አገራችን ለእናት የምታደርገው እገዛ አንድ ወገን ላይ የተከማቸ ነው። ልጅ ሲወለድ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ገንፎው ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ አራሷን እንዳትነሳ ይቆጧታል። የአራስ ቤቱ ጊዜ ሲያልቅ ግን ሰው ሁሉ ይበተናል፤ ልጁ መዳህና ያገኘውን መጎተት የሚጀምርበት፣ እናትየው ወደ ሥራ የምትመለስበት ከባዱ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሕጉም ቢሆን ብዙ አይለይም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሰጠው ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን ለእንኳን ደስ አለህ እንኳ አይበቃም።

እናም እርዳታ ይጠይቁ፤ ሲጠይቁም በችርቻሮ ይጠይቁ። «አግዙኝ» የሚለው ጅምላ ስለሆነ ሰሚው «እሺ» ብሎ ይረሳዋል። ቡና የሚጠራሩ ጎረቤት ካለችዎት «ሐሙስ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ሁለቱን ልጆች አንቺ ዘንድ ላቆያቸው፤ እኔ ልተኛ» ይበሏት፤ ቅዳሜ የእርሷን ልጆች እርስዎ ይቀበላሉ። ባለቤትዎ ቤት በሚያድሩባቸው ሌሊቶች ሕፃኑን አንስተው ወደ ጡት የሚያመጡትና መልሰው የሚያስተኙት እርሳቸው ይሁኑ፤ ንጋት ላይም ሁለቱን ትልልቆች ይዘው ለአንድ ሰዓት ከመኝታ ቤት ያርቁልዎት። የቡና ወቅት አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ ወቅቱ ግን ያልፋል፣ የእርስዎ ወቅት ግን ገና ሦስትና አራት ዓመት ይቀረዋል። ከዚህ በኋላ የሚያመሰግኑት ነገር በቤትዎ ውስጥ በእርግጥ ይኖራል፤ ላልተደረገልዎት ነገር ከልብዎ ምስጋና ቢያጡ ግን ልብዎን አይውቀሱ።

አንድ ጉዳይ ለይቼ ላስጠነቅቅዎት እወዳለሁ። ከወሊድ በኋላ ባለው ዓመት ውስጥ የሚመጣ ድብርት አለ፤ ከተራ ድካም የሚለየውም በቆይታውና በስፋቱ ነው። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ማዘን፣ ቀድሞ ደስ ይል የነበረ ነገር ሁሉ ጣዕሙ መጥፋት፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ አለመምጣት፣ ራስን ከንቱ አድርጎ መቁጠር፣ ከዚያም አልፎ ራስን ወይም ልጅን የመጉዳት ሐሳብ መምጣት ምልክቶቹ ናቸው። ይህ ሕመም ነው፤ በምክርና በመድኃኒት ይታከማል፣ በ«ተመስገን» አይታከምም። የመጨረሻው ሐሳብ ከመጣብዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ለቅርብ ሰው ነግረው፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ። ሌሎቹም ምልክቶች ካሉ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ አቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ በዚሁ ሳምንት ጎራ ይበሉ። አሁን ደህና ነኝ የሚሉ ከሆነም ሕፃኑ በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ሲሄድ፣ ባለሙያዋ ስለ ልጁ ክብደት ከጠየቀችዎት በኋላ፣ «እኔም የምነግርሽ አለ» ብለው ይጀምሩ።

አማትዎን በተመለከተ እንዳይቀየሟቸው አደራ እላለሁ፤ ልጅ ያሳደጉት በብዙ እጅ መካከል ከሆነ የእርስዎን ብቸኝነት አያውቁትም። በሚቀጥለው ጊዜ «ተመስገን በይ» ሲሉዎት «እማማ፣ ተመስገን» ይበሉና ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠውላቸው ገብተው ይተኙ። ሲነሱ ደግሞ «እጅዎ ይባረክ» ይበሏቸው።